«ይድናሉ ወይ?»
ስለ ጨጓራ ነቀርሳና ስለ ሥሩ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር



የሳይንስ መምህራችን ለዚህ በዓል አንድ ንግግር እንዳዘጋጅ ባዘዙኝ ጊዜ፥ ጓደኞቼ ስለ ጨረቃ ጉዞ ወይም ስለ ኮምፒውተር እንደምናገር ገምተው ነበር። እኔ ግን ስለ ጨጓራ ለመናገር መረጥሁ። በበዓል ቀን፥ ያውም ከምሳ በፊት፥ ስለ ጨጓራ በሽታ ማውራት ደስ የማያሰኝ መሆኑን ስለማውቅ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ነገር ግን በደጋው አገራችን «ጨጓራዬን አመመኝ» የማይባልበት ቤት ጥቂት ስለ ሆነ፥ እንግዳ ነገር አመጣህብን የሚለኝ አይኖርም ብዬ አምናለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች፥ ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩን እንድመረምር ያደረገኝ አንድ ጥያቄ ነው። አያቴ የግሼ ገበሬ ነበሩ። ብዙ ዘመን ቃር ያቃጥላቸው ነበር። ሲብስባቸው ሴት አያቴ አብሽ በጥብጠው ወይም ተልባ አዘጋጅተው ይሰጧቸዋል፤ ሻል ሲላቸውም ወደ እርሻቸው ይመለሳሉ። በኋላ የሚዋጥ የጨጓራ መድኃኒት ተሰጣቸው። በእርሱም ለአያሌ ወራት ሕመሙ ስለ ቀነሰላቸው የዳኑ መሰላቸው፤ ለእኛም መሰለን። በእኛ አቈጣጠር በ2013 ዓ.ም. ሁዳዴ ሲገባ እህል ጠሉ። ጎረቤት ሁሉ «ዘንድሮስ አጥብቀው ጾሙ» እያለ አመሰገናቸው። መክሳታቸውንም የጾም አደረግነው። የፋሲካ ዕለት ግን በጉ ታርዶ ማዕድ ሲቀርብ ሁለት ጉርሻ ቀምሰው «በቃኝ፥ ሆዴ ሞልቷል» ብለው ከገበታው ፈቀቅ አሉ። ሃምሳ አምስት ቀን የጾመ ሰው በሁለት ጉርሻ ሆዱ ሊሞላ እንደማይችል ያን ጊዜ ገባን።

ወደ ሆስፒታል ተወሰዱ። ሐኪሙ ኢንዶስኮፒ የሚባለውን፥ ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ ያለበትን ቀጭን ቱቦ በአፋቸው አስገብቶ አየ፤ ከቁስሉም ትንሽ ቆርጦ አስመረመረ። ነቀርሳ ሁኖ ተገኘ፤ ዛሬ ሰው ሁሉ ካንሰር የሚለው ማለት ነው። ጉበታቸውም ላይ ደርሶ ነበር። አባቴ በመተላለፊያው ላይ ቆመው «ይድናሉ ወይ?» ብለው ጠየቁ። ሐኪሙ ጥቂት ዝም ብሎ «ዘግይታችኋል» አለ። ለአያቴ «ቁስል ነው» ተብሎ ተነገራቸው፤ በአገራችን ልማድ የክፉ በሽታ ስም ለታማሚው አይነገርምና። እርሳቸው ግን በሬዎቻቸው ለማን እንደሚሆኑ በዚያው ሳምንት መናዘዝ ስለ ጀመሩ፥ ያወቁ ይመስለኛል። ነሐሴ ሳይገባ ዐረፉ።

ሐኪሙ ያን አንድ ቃል ለመናገር ምን አየ? አንዱ ታማሚ ሲድን ሌላው የማይድነው ለምንድን ነው? ሊቃውንትስ ይህን አስቀድሞ የሚያሳውቅ ምልክት አግኝተዋልን? ይህን ለማወቅ መጻሕፍት ማንበብና መምህሮቼን ማስቸገር ጀመርሁ።

አስቀድሞ ስለ ጨጓራ ጥቂት ልበል። በግ ሲታረድ ያየ ሁሉ ሆድ ዕቃውን ያውቃል። በግ የሚያመሰኳ እንስሳ ስለ ሆነ ሆዱ አራት ክፍል አለው፤ እናቶቻችን ደጋግመው የሚያጥቡት ሽንፍላ ከአራቱ አንዱ ነው። የሰው ጨጓራ ግን አንድ ከረጢት ነው፤ ከበጉ ክፍሎች የሚመስለውም አሲድ የሚያመነጨውን የመጨረሻውን ነው። ግድግዳው ድርብርብ ነው። ከውስጥ በኩል ንፍጥ የሚያመነጭ ስስ ሽፋን አለ፤ ከእርሱ በታች የደም ሥሮች የሚያልፉበት ንጣፍ፥ ቀጥሎ ጡንቻ፥ በስተውጭ ደግሞ ሌላ ስስ ልባስ አለ። ይህን ድርብርብ እባካችሁ አትርሱት፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

የውስጡ ሽፋን ከአሲድና ከምግብ ጋር ሲታገል ስለሚውል፥ ላይ ላዩን ያሉት ሕዋሳት በጥቂት ቀናት ውስጥ ይረግፋሉ፤ በምትካቸውም አዲሶች ይወጣሉ። እነዚህ አዲሶች ከየት ይመጣሉ ቢባል፥ በሽፋኑ ውስጥ ባሉት ጠባብ ጉድጓዶች ተሸሽገው የሚኖሩ ጥቂት ሕዋሳት አሉ። እነርሱ ሲከፈሉ አንዱ በቦታው ይቀራል፤ ሌላው ወደ ላይ ወጥቶ የዕለቱን ሥራ ይሠራል። እነዚህን በአማርኛ ግንደ ሕዋስ ይሏቸዋል። እኔ ሥረ ሕዋስ ቢባሉ ይሻል ነበር እላለሁ። ባሕር ዛፍ ካልሆነ በቀር ከግንዱ የተቈረጠ ዛፍ መልሶ ሲያቈጠቍጥ ብዙ አላየሁም፤ ሥር ግን ይመልሳል። መምህሬ ለዛሬ ብቻ ስለ ፈቀዱልኝ በዚህ ንግግር ሥረ ሕዋስ እያልሁ እቀጥላለሁ።

ነቀርሳ ባንድ ሌሊት አይበቅልም። ፔላዮ ኮሬአ የተባሉ የኮሎምቢያ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1975 እንደ ገለጡት፥ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ በደረጃ ይሄዳል። መጀመሪያ የጨጓራው ሽፋን ይቈጣል፤ ቍጣውም ሳይበርድ ዓመታት ይቈያል። ከዚያ አሲድ የሚያመነጩት ዕጢዎች እየሳሱ ይሄዳሉ። ቀጥሎ የጨጓራው ሽፋን መልኩን ለውጦ የአንጀት ሽፋን ይመስላል። ከዚያም የሕዋሳቱ ቅርጽና ሥርዓት ይበላሻል፤ በመጨረሻ ነቀርሳ ይሆናል። ይህ ሁሉ አሥርና ሃያ ዓመት፥ ከዚያም በላይ ይፈጃል። እንግዲህ የአያቴ ነቀርሳ የጀመረው በዚያች ፋሲካ አልነበረም ማለት ነው።

የመጀመሪያውን ቍጣ የሚያስነሣው ምንድን ነው? ብዙ ዘመን ሐኪሞች ሐሳብና በርበሬ ነው ይሉ ነበር። በ1982 በአውስትራሊያ በፐርዝ ከተማ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የተባሉ ሁለት ሐኪሞች፥ በአሲድ ውስጥ የሚኖር ጠምዛዛ ባክቴሪያ ከሕመምተኞች ጨጓራ አገኙ፤ ዛሬ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ይባላል። ብዙ ሰው አላምን ስላለ ማርሻል በ1984 የባክቴሪያውን ብጥብጥ ራሱ ጠጣ፤ በጥቂት ቀናትም ጨጓራው ተቈጥቶ ታመመ። ይህን የመሰለውን ጀግንነት ለጓደኞቼ አልመክርም። ለማርሻልና ለዋረን ግን በ2005 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ከዚያም አስቀድሞ በ1994 የዓለም ጤና ድርጅት የነቀርሳ ምርምር ድርጅት ይህን ባክቴሪያ ነቀርሳ ከሚያመጡት ነገሮች ተርታ መድቦት ነበር።

በኢትዮጵያ የተደረጉት ምርመራዎች በአንድነት ሲታዩ፥ ከተመረመረው ሰው ግማሽ ያህሉ ይህ ባክቴሪያ ይገኝበታል። አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘን በልጅነታችን፥ ከቤተ ሰብ ውስጥ ነው። በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስንማር ከምግብ በፊት እጃችንን ያልታጠብን ቀን ቁርስ ይከለከል ነበር፤ ያኔ ግፍ ይመስለኝ ነበር። ጉርሻ ይቅር ግን አልልም፤ እንዲህ ብል ከዚህ አዳራሽ በሰላም አልወጣም።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ጥያቄ ይነሣል። ባክቴሪያው በግማሹ ሕዝብ ላይ ካለ፥ ለምን ግማሹ ሕዝብ የጨጓራ ነቀርሳ አልያዘውም? በእርግጥ ባክቴሪያው ካለባቸው ሰዎች ነቀርሳ የሚደርስባቸው ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። ከዚህም ሌላ በ1992 በናይጄሪያ ይሠራ የነበረ ሆልኮም የሚባል ሐኪም፥ በአፍሪካ ባክቴሪያው እጅግ በዝቶ ሳለ ነቀርሳው ጥቂት መሆኑን ጽፎ «የአፍሪካ እንቈቅልሽ» ብሎ ሰየመው። አንዳንዶች የባክቴሪያው ዝርያ ይለያያል ይላሉ። ሌሎች ደግሞ የአንጀት ትል የሰውነትን ቍጣ ያበርድ ይሆናል ይላሉ፤ በ2000 በአይጦች ላይ የተደረገ ምርምርም ይህን የሚደግፍ ነገር አሳይቷል። ሆኖም ያ ትል የአይጥ ትል ነው፤ ኮሶ ያለበት ሰው ጨጓራዬ ተጠበቀልኝ ብሎ እንዳይደሰት። ሦስተኛው መልስ ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ያልተመረመረ በሽታ አይቈጠርም። በአዲስ አበባ እንኳ የነቀርሳ ሕመምተኞችን በሥርዓት የሚመዘግብ መዝገብ የተከፈተው በ2011 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። በግሼ ተራራ ላይ «ሆዱን አሞት ሞተ» ተብሎ የሚቀበረውን ሰው ማን ይቈጥረዋል? በዓለም ላይ ግን በ2022 ብቻ 970,000 ያህል ሰዎች በጨጓራ ነቀርሳ እንደ ታመሙ፥ 660,000 ያህሉም እንደ ሞቱ ተገምቷል።

አሁን ወደ ሥሩ ልመለስ። የመንዝ ልጆች ጓሳን ታውቃላችሁ። ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በቀሮ ሥርዓት ሲጠበቅ የኖረ መስክ ነው፤ ተዘግቶ ይቈይና ሲፈቀድ ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይታጨዳል። ታጭዶ ሲያልቅ መስኩ የተላጨ ራስ ይመስላል። ክረምት ሲመጣ ግን ያው ሣር እንደ ገና ይነሣል፤ የሚያስነሣው የተሸከምነው ነዶ አይደለም፥ በመሬት የቀረው ሥር ነው። ለጓሳ ይህ በረከት ነው፤ ለነቀርሳ ግን መከራው ይኸው ነው። በ1881 በቪየና ከተማ ቴዎዶር ቢልሮት የተባለ ታላቅ ቀዶ ሐኪም ከአንዲት የ43 ዓመት ሴት ጨጓራ ነቀርሳ ያለበትን ክፍል ቈርጦ አወጣና የቀረውን ከአንጀቷ ጋር ሰፋው። ሴትዮዋ ከቀዶ ሕክምናው ድና ምግብ በላች፤ ዓለምም ተደነቀ። አራት ወር ያህል ቈይታ ግን ነቀርሳው በሌላ ቦታ ተነሥቶባት ሞተች። ቢልሮት ያየውን ሁሉ አጭዶ ነበር፤ ሥሩን ግን በዓይኑ ሊያይ አልቻለም።

ሊቃውንት ይህን ሥር መፈለግ የጀመሩት በደም ነው። በካናዳ በቶሮንቶ ጄምስ ቲልና ኧርነስት ማኩሎክ በ1961 በአይጥ መቅኔ ውስጥ ደምን የሚያድሱ ሥረ ሕዋሳት እንዳሉ አሳዩ። በዚያችው ከተማ በ1994 ጆን ዲክና ባልደረቦቹ የደም ነቀርሳ ሕዋሳትን ከሕመምተኞች ወስደው ወደ አይጦች ባስገቡ ጊዜ፥ በሽታውን በአይጡ ላይ እንደ ገና ማስነሣት የቻለው ከ250,000 ሕዋሳት አንዱ ያህል ብቻ ሁኖ ተገኘ። ይህን ቍጥር መጀመሪያ ባነበብሁ ጊዜ የማተሚያ ስሕተት መስሎኝ ነበር። ነቀርሳ ማለት እኩል የሆኑ ወንበዴዎች ጭፍራ አይደለም ማለት ነው፤ አብዛኛው ተከታይ ነው፥ ዘር የሚተኩት ጥቂቶች ናቸው።

ታዲያ ከብዙ ሺህ መካከል እነዚያ ጥቂቶች እንዴት ይለያሉ? በጎቻችን በመስክ ሲቀላቀሉ እያንዳንዱ ባለቤት የራሱን በጆሮው ላይ በተቈረጠው ምልክት ይለያል። ሕዋሳትም እንዲሁ በቆዳቸው ላይ ልዩ ልዩ ፕሮቲኖች ስለ ተተከሉ በእነርሱ ይለያሉ። ለፕሮቲኖቹ ሊቃውንት ተራ ቍጥር ሰጥተዋቸዋል፤ ሲዲ 24፥ ሲዲ 44፥ ሲዲ 133 ይሏቸዋል። ቍጥሩ እንደ መኪና ታርጋ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። በ2003 በአሜሪካ በሚሺጋን የጡት ነቀርሳን የመረመሩ ሊቃውንት፥ ሲዲ 44 ያለባቸው፥ ሲዲ 24 ግን የሌለባቸው ወይም ያነሰባቸው ሕዋሳት መቶ ያህል ብቻ ቢሆኑ በአይጥ ላይ ዕብጠት ሲያበቅሉ፥ ሌሎቹ በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ ሁነው ምንም ሳያበቅሉ እንደ ቀሩ አሳዩ።

የጨጓራው ተራ በ2009 ደረሰ። በኒው ዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ሊቃውንት በቤተ ሙከራ የሚራቡ ስድስት ዓይነት የሰው የጨጓራ ነቀርሳ ሕዋሳትን መረመሩ። ከሦስቱ ዓይነቶች ሲዲ 44 ያለባቸው ሕዋሳት ተለይተው በአይጥ ቆዳና ጨጓራ ውስጥ ሲገቡ ዕብጠት አበቀሉ። ሲዲ 133ንና ሌሎችንም ምልክቶች ሞክረው ነበር፤ በእነርሱ ግን እንዲህ ያለ ልዩነት አላገኙም። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ተመራማሪዎች ሌሎች ምልክቶችን ጨምረዋል። ከነዚህም አንዱ ኤልጂአር 5 የሚባለው ነው፤ በ2010 በጤናማ አይጥ ጨጓራ ታችኛው ክፍል ያሉትን ሥረ ሕዋሳት የለየ ምልክት ነው።

ሲዲ 44 ምልክት ብቻ ሳይሆን ሥራም አለው። በሕዋሳት መካከል ያለውን እንደ ሙጫ የሚሳብ ነገር እየያዘ ሕዋሱ ከቦታ ወደ ቦታ እንዲንቀሳቀስ ይረዳዋል። በ2011 የጃፓን ሊቃውንት እንዳሳዩት፥ ከሲዲ 44 ዓይነቶች አንዱ ለነቀርሳው ሕዋስ እንደ ጋሻ ያለ ኬሚካል እንዲከማች ያደርጋል፤ በዚህም ምክንያት መድኃኒትና ጨረር ሌሎቹን ሲገድል ይህ ሕዋስ ተርፎ ሊቀር ይችላል። ለመገጣጠሚያና ለአንጀት ሕመም ሲሰጥ የኖረ ሰልፋሳላዚን የሚባል አሮጌ መድኃኒት ይህን ጋሻ የሚያፈርስ መስሎ ስለ ታየ በጃፓን በጥቂት ሕመምተኞች ላይ ተሞክሯል። በአንዳንዶቹ ላይ ምልክት ያለባቸው ሕዋሳት ቀንሰዋል፤ ነገር ግን መድኃኒት ተገኘ ለማለት የሚያበቃ አይደለም።

እንግዲህ የአባቴ ጥያቄ እዚህ ይመጣል። ከሕመምተኛ የተቈረጠው የነቀርሳ ቁራሽ በማቅለሚያ ተነክሮ ሲዲ 44 በብዛት ከታየበት፥ ስለ ፍጻሜው ምን ይናገራል? በብዙ አገሮች ይህን ለማወቅ የቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች ተከታትለው ታይተዋል። ከምርምሮቹ የሚበዙት፥ ሲዲ 44 ወይም ሲዲ 133 በብዛት ያለበት ነቀርሳ ወደ ንፍፊቶች የመዛመት ዝንባሌው እንደሚበልጥ፥ የታማሚውም ዕድሜ እንደሚያጥር ገልጠዋል። ሁሉም ግን አልተስማሙም። ላልተስማሙበትም በቂ ምክንያት አለ። ሲዲ 44 በጤናማ ነጭ የደም ሕዋሳትም ላይ ይገኛል፤ ሁለት ጎረቤቶች አንድ ዓይነት የጆሮ ምልክት ሲኖራቸው በጎቹ እንደሚምታቱ ማለት ነው። ከዚህም በላይ ምልክት ያልነበረው ሕዋስ አንዳንድ ጊዜ ተመልሶ ሥር ሊሆን ይችላል። ጓሳ እንኳ እንዲህ አያደርግም፤ የታጨደ ቅጠል ሥር አያወጣም። ሌላው ችግር አንዱ ቤተ ሙከራ «ብዙ» የሚለውን ሌላው «ጥቂት» ማለቱ ነው። ስለዚህ ሲዲ 44 እስከ ዛሬ በሆስፒታሎች የዕለት ሥራ ውስጥ አልገባም። ኸር 2 የሚባለው ሌላ የሕዋስ ምልክት ግን ገብቷል። ኸር 2 በብዛት ላለበት ነቀርሳ ትራስቱዙማብ የሚባል መድኃኒት ዕድሜ እንደሚጨምር በ2010 ስለ ተረጋገጠ፥ አቅም ባላቸው አገሮች ይህ ምልክት ይመረመራል። እኔ ከዚህ የተረዳሁት፥ ለሕመምተኛ የሚጠቅመው ምልክት «ትሞታለህ» የሚለው ሳይሆን «ይህ መድኃኒት ይሆንሃል» የሚለው መሆኑን ነው።

ሐኪሙ «ዘግይታችኋል» ሲል ሲዲ 44ን አልተመለከተም ነበር። ያየው ያን ቅድም አትርሱት ያልኋችሁን ድርብርብ ነው። ነቀርሳው በውስጠኛው ስስ ሽፋንና ከእርሱ በታች ባለው ንጣፍ ሳለ ከተገኘ፥ በጃፓን እንደሚታየው ከመቶ ታማሚ ከዘጠና በላይ የሚሆነው ከአምስት ዓመት በኋላም በሕይወት ይገኛል። ጡንቻውን በስቶ ወደ ንፍፊቶች ሲሄድ ተስፋው እየቀነሰ ይመጣል። እንደ አያቴ ጉበት ላይ ከደረሰ ግን አምስት ዓመት የሚኖረው ከአሥር ሰው አንዱ እንኳ አይሞላም። ጃፓኖች ከ1960ዎቹ ጀምሮ ምንም ሕመም ያልተሰማቸውን ሰዎች ሳይቀር እየጠሩ ጨጓራቸውን ሲመረምሩ ኑረዋል። የእነርሱ ነቀርሳ ከእኛ የለሰለሰ ስለ ሆነ አይደለም፤ ቀድመው ስለሚያገኙት ነው። ይህን ሳነብ ተናደድሁ፤ ያለ አንዳች ምርምር፥ በቀን መቍጠሪያ ብቻ የሚለካ ልዩነት ነውና።

ለእኛ አገር እንደ ጃፓን ሰውን ሁሉ መመርመር ዛሬ አይቻል ይሆናል። ሆኖም እጃችን ባዶ አይደለም። በመሐል ሜዳ ሆስፒታል አለ፤ በዓለም ከተማ ካርል ሃይንዝ በም የመሠረቱት ሰዎች ለሰዎች የተባለው ድርጅት ያሠራው እናት ሆስፒታል አለ። በደብረ ብርሃንም ሆስፒታል ብቻ ሳይሆን ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት ግቢ አለ፤ በ1999 በዐረፉት በታላቁ ቀዶ ሐኪም በፕሮፌሰር ዐሥራት ወልደየስ ስም ይጠራል። ከእነዚህ ቦታዎች ወደ ኢንዶስኮፒ ማስተላለፍ ይቻላል። የሚያስፈልገው በጊዜ መሄድ ነው። በጥቂት ምግብ ቶሎ መጥገብ፥ ሳይጾሙ መክሳት፥ ማስመለስ፥ ሲውጡ መተናነቅ፥ እንደ ሬንጅ የጠቈረ ሰገራ፥ ያለ ምክንያት ደም ማነስ፤ ከእነዚህ አንዱ ካለ «ጨጓራ ነው» ብሎ ቤት መቀመጥ አይገባም። የጾም ወራት ደግሞ እነዚህን ምልክቶች እንደሚሸፍን በእኛ ቤት ታይቷል። ኦሜፕራዞልን የመሰሉ አሲድ የሚቀንሱ መድኃኒቶችም የነቀርሳን ቁስል ሳይቀር ለጊዜው ሊያስታግሱ ይችላሉ፤ ስለዚህ ሕመሙ ቀነሰ ማለት ነቀርሳ የለም ማለት አይደለም። አያቴን ያታለላቸው ይኸው ነው።

ሥሩን ከማደን ይልቅ ሥር ሳይሰድድ ማድረቅ ይቀላል። ባክቴሪያው በሰገራ ምርመራ ሊታወቅ ይችላል፤ ከተገኘም ሐኪም ባዘዘው መሠረት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ባክቴሪያ ገዳይ መድኃኒቶች ከአሲድ ቀናሽ ጋር ባብዛኛው ለአሥራ አራት ቀን ይወሰዳሉ። ሕመሙ ሲቀንስ በአምስተኛው ቀን ማቋረጥ ባክቴሪያውን መድኃኒት ማልመድ ነው። በታይዋን ግዛት በማትሱ ደሴቶች ከ2004 ጀምሮ ነዋሪዎቹ እየተመረመሩ ባክቴሪያው የተገኘባቸው ስለ ታከሙ፥ እስከ 2018 ባለው ጊዜ በጨጓራ ነቀርሳ የሚያዘው ሰው ከግማሽ በላይ ቀንሷል። በኮሪያ ደግሞ በ2020 የታተመ አንድ ምርምር አለ። ወላጃቸው፥ ወንድማቸው፥ እኅታቸው ወይም ልጃቸው በጨጓራ ነቀርሳ የታመመባቸው 1,676 ባክቴሪያው ያለባቸው ሰዎች ተመርጠው፥ እኩሌቶቹ እውነተኛውን መድኃኒት፥ እኩሌቶቹ መድኃኒት የሚመስል ባዶ ክኒን ተሰጣቸው። ዘጠኝ ዓመት ያህል ሲቈዩ መድኃኒቱን ከወሰዱት 10 ሰዎች፥ ካልወሰዱት 23 ሰዎች በነቀርሳ ተያዙ።

ይህን ምርምር ያነበብሁት ባለፈው ጥቅምት ነው። አንብቤ ስጨርስ ወላጁ በጨጓራ ነቀርሳ የሞተበት ሰው በቤታችን ማን እንደ ሆነ አሰብሁ። አባቴ ናቸው። አባቴ ከሁለት ዓመት ወዲህ ጧት ጧት ቃር ያስቸግራቸዋል፤ አብሽም ይጠጣሉ። ተመርመሩ ብዬ ብለምናቸው «የሚመጣውን ማን ይመልሰዋል፤ ስሙን ሰምቼ ከምጨነቅ አለማወቅ ይሻለኛል» አሉኝ። አባቴ ፈሪ አይደሉም፤ ጅብ ከበረት ያባረሩ ሰው ናቸው። ያን የመተላለፊያ መልስ ሁለተኛ መስማት ስለ ከበዳቸው ነው። እኔም ልጅ ስለ ሆንሁ በቤት ውስጥ ደጋግሜ ልናገራቸው አልቻልሁም። ስለዚህ ይህን ንግግር ጻፍሁ። መምህሬም ምክንያቴን ሰምተው ፈቀዱልኝ።

አባቴ፥ ዛሬ ከኋላ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ፥ ከመጋረጃው አጠገብ እንደ ተቀመጡ አያለሁ። በሰው ፊት ስላነሣሁት ይቅር ይበሉኝ። ሐኪሙ ያን ቀን የመለሰው ለአያቴ ነው እንጂ ለእርስዎ አይደለም። ለእርስዎ ጥያቄው ገና አልተጠየቀም። ሰኞ ፈተና የለብኝም፤ ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄደው አውቶቡስ ሌሊት በአሥራ አንድ ሰዓት ይነሣል። ሁለት ቲኬት ትናንት ቈርጬአለሁ።

በሳይንስ ክፍላችን የበግ ሆድ ሽፋን በስሱ ተቈርጦ ከማይክሮስኮፑ ሥር ተዘጋጅቷል። ጉድጓዶቹን በዓይናችሁ ማየት የምትፈልጉ ወላጆች ከምሳ በኋላ ግቡ፤ እኔ በሩ ላይ እቆማለሁ።